ሰውነቴ የመደበልኝ ቦታ

ኮሌጅ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የስፖርት መምህራችን የሴቶች ሆኪ ቡድን ሊያቋቁም ሜዳ ዳር አሰለፈን። ዱላ ገና አልያዝንም፤ ኳስም አልነካንም። እሱ ግን ሜትር ይዞ መጣ። ቁመታችንን፣ ትከሻችንን፣ ዳሌያችንን እየለካ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል። አጥሩን የተደገፉት ወንዶች ይስቃሉ። እኔ ጋ ሲደርስ ሜትሩን ጠቅልሎ፣

"ይቺን መለካትም አያስፈልግ፤ ግብ ጠባቂ ሆና በሩን ትሙላው" አለ።

ሳቁ ከአጥሩ ብቻ ሳይሆን ከእኛም ሰልፍ መጣ። ፊቴ ነደደ።

ትከሻዬ ሰፊ፣ ጭኔ ወፍራም ነው። አባቴ ጣና ላይ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ታንኳው ላይ አብሬው ስቀዝፍ አደግሁ። ዓሣው ፀሐይ ሳይመታው ገበያ ለማድረስ ዘንቢል አዝዬ የምሮጠውም እኔ ነበርሁ። ጎንበስ ብሎ እንጨት ይዞ መዋል፣ ከዚያም መሮጥ፣ ሆኪ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ማንም አልጠየቀኝም።

ከአንበሳሜ የመጣችው የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ረጅምና ቀጭን ስለሆነች አጥቂ ሆነች። አስም አለባት። ጥቂት ከሮጠች ደረቷ ያፏጫል። ነገር ግን የማትደነግጥ፣ ኳሱ ወዴት እንደሚመጣ ቀድማ የምታይ ልጅ ናት። ተነጋግረን ቢሮው ሄድን።

"መምህር፣ ቦታ ብንቀያየርስ? አንድ ቀን ብቻ ይሞክሩን" አልሁት።

ከወረቀቱ ቀና አላለም። "ቦታውን የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁም፤ ሰውነትሽ ነው።"

"ስሮጥ አይተውኝ ያውቃሉ?"

"ማየት አያስፈልገኝም።"

ጓደኛዬ ስለ አስሟ ልትነግረው አፏን ስትከፍት በሩን በእጁ አመለከተን።

ከሌላ ከተማ የመጣ ቡድን የገጠመን ቀን ኮሌጁ አጠገብ ካለው ከጣና ሐይቅ ኃይለኛ ነፋስ ይነፍስ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ገባብኝ። አጋማሹ ሊያልቅ ሲል ጓደኛዬ ሜዳው መሀል ተንበረከከች። ትንፋሽ አጥሯታል። እሱ ከዳር ሆኖ፣ "ተነሺ! ይሄን የመሰለ እግር ይዘሽ ትለግሚያለሽ?" እያለ ይጮኻል። የሚነፋውን መድኃኒቷን ከቦርሳዋ አውጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

በእረፍቱ እሱ ከቡድኑ ጋር የመጡትን እንግዶች ሊያጫውት ጥላ ሥር ሄደ። ጓደኛዬ ትንፋሿ ሲመለስ፣ "በር ላይ ብቆም እጨርሳለሁ" አለችኝ። የራስ ቁሩንና የእግር መከላከያውን አውልቄ አለበስኋት፤ ለዳኛዋ ነገርናትና ፈቀደች።

ጨዋታው ሲጀመር ኳሷን ከመሀል ነጥቄ በቀኝ በኩል ወረድሁ። ከኋላዬ፣ "ተመለሺ! ወደ በርሽ ተመለሺ!" ሲል መምህሩ ይሰማኛል። አልተመለስሁም። ሁለት ተከላካዮች አልፌ መታሁ፤ ገባ። ጓደኛዬም አንድም አላስገባችም። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን፤ እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

የእንግዳው ቡድን አሠልጣኝ ወደ መምህሩ መጥታ፣ "ይቺን ልጅ የት ደብቃችኋት ነበር?" ስትለው፣ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ፣ "ለሁለተኛው አጋማሽ ብዬ ያቆየኋት ናት" አላት። እጁን ከጀርባዬ ላይ መንጭቄ ባነሳሁት ኖሮ እያልሁ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

ሰኞ በተለጠፈው ዝርዝር ስሜ የለም። ከሥሩ፣ "በሥነ ምግባር ጉድለት ተቀንሳለች" ይላል። ጓደኛዬ እንደገና አጥቂ ተብላለች። ዝርዝሩን አነበበችና ማልያዋን አጥፋ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ጥላው ወጣች። እኔ ለኮሌጁ ኃላፊ አቤት አልሁ። "ባለሙያው እሱ ነው" ብለው መለሱኝ።

ዘንድሮ፣ ሰባታሚት አካባቢ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሥራ ላይ እያለሁ፣ ታይፎይድ አሞኝ ለሳምንታት ተኛሁ። ከአልጋ በተነሳሁ ሰሞን ሐይቁ ዳር ካለው መንገድ ላይ ያንን የስፖርት መምህር አገኘሁት። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣

"አሁንማ አምሮብሻል! ያኔ እንዲህ ብትቀጥኚ አጥቂ አደርግሽ ነበር" አለኝ።

"መምህር፣ አሞኝ ነው የቀጠንሁት። አስፋልት ለመሻገር እንኳ ይደክመኛል።"

ሳቀ። የቀለድሁ መሰለው። ልጮህበት ፈለግሁ፤ ለመጮህ የሚበቃ ትንፋሽ አልነበረኝም። ሰላምታ ሳልሰጠው፣ በየዛፉ ሥር እያረፍሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ።