አጎቴ ያልመረመሩት ጨዋታ

አጎቴ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም የሰንጠረዥ ጨዋታቸውን እንደገና ደርድረው ያመለጣቸውን ዕድል ሳይፈልጉ ከገበታው አይነሡም ነበር።

«ጋሼ፣ አሸነፉ እኮ! ደግሞ ምን ቀረዎት?» እላቸዋለሁ።

«ያላየሁት ነዋ! አንተ ጉረኛ፣ አንተማ ከድልህ ሌላ ምን ይታይሃል?»

ልክ ናቸው፤ የምኮራበት አለኝ። ፊደሉንም ሰንጠረዡንም ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ። እዚሁ ጅቡቲ፣ የባቡር ሠራተኞች ባዘጋጁት ውድድር፣ ለዋንጫው የቀረነው አጎቴና እኔ ነበርን። በሕዝብ ፊት አሸነፍኳቸው፤ እስከ ዛሬም ሳወራው እኖራለሁ። የዚያን ዕለት ብቻ ጨዋታውን አልመረመሩም። «ዛሬስ ይቅርብኝ» ብለው ጠጠሮቹን ከረጢት ውስጥ ከተቱ። ሽንፈቱ ያሳፈራቸው መስሎኝ ነበር።

አርባቸውን ባወጣን ማግስት፣ በረንዳቸው ላይ፣ እርሳቸው ይቀመጡበት ከነበረው ወንበር ተቀምጬ ያንን ጨዋታ በቃሌ ደረደርኩት። ከመሸነፋቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ፈረሳቸው አንዴ ቢዘል ኖሮ የእኔ ንጉሥ መውጫ አይኖረውም ነበር። ጀማሪ እንኳ የማይስተው ዝላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በየቀኑ እየሄድኩ እደረድረዋለሁ፤ ፈረሱ እዚያው ቆሟል።

«ጋሼ፣ አይተውት ነበር?» እላለሁ ጮክ ብዬ።

የምጠይቃቸው ሰው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ግን እኔው ነኝ።