ሦስት ጊዜ «እንካ» ያሉኝ ሴት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አራት ዕቃ ሰጡኝ፦ መበየጃ ብረት፣ የእርሳስ ሽቦ ጥቅል፣ ማጉያ መነጽርና ከጠረጴዛው ጋር በገመድ የሚያገናኘኝ የእጅ አንባር። አንባሩ በሰውነታችን ያለው ኤሌክትሪክ የምንሠራውን ዕቃ እንዳያቃጥል ነው። እኔ ግን ተነስቼ እንዳልሄድ ያሰሩኝ መስሎኝ ነበር።

ፋብሪካው ዳላስ አጠገብ ያለችው ሪቻርድሰን ውስጥ ነበር። የስልክ ማዞሪያ ሰሌዳ እንበይዳለን። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ በዲቪ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ጠዋት ጋርላንድ በምትባል ጎረቤት ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ፤ ከሰዓት ወደ ፋብሪካው እነዳለሁ። በመሀል ምሳ የሚባል ነገር የለም።

ሱፐርቫይዘሩ የዚያኑ ቀን ቁርጡን ነገረኝ። «ሦስት ወር ሙከራ ነው። መጨረሻ ላይ ፈተና አለ። ካለፍክ ቋሚ ትሆናለህ፤ ከወደቅክ እንሰነባበታለን።» ባለቤቴን ለማምጣት ቋሚ ሥራ እንዳለኝ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልገኝ ነበር። ከወደቅኩ እሷም አትመጣም።

ሥራችንን የሚመረምሩት ሚስ ሊን የሚባሉ ቻይናዊት ነበሩ፤ ስድሳ ሳይሞላቸው አይቀርም። ጥሩ ብየዳ ያብረቀርቃል። በደንብ ሳይግል የተተወ ግን ደብዛዛና ሸካራ ይሆናል፤ አንድ ቀንም ይለቃል። የእኔን ሰሌዳ ስህተት ባዩበት ሁሉ ቀይ ተለጣፊ በተለጣፊ አድርገው ይመልሱልኛል። እውነቱን ለመናገር ጠላኋቸው።

በእረፍት ሰዓት ሰው ያመጣውን ምግብ ያዞራል። እኔ እንዳስተዳደጌ «በልቻለሁ» እላለሁ። እኛ ቤት እንግዳ ገና አንዴ ሲጠየቅ እሺ ካለ ነውር ነው። እዚህ ግን «ኖ» ስል ሳህኑ ያልፈኛል። አብሮኝ የሚሠራው ተፈራ ይስቅብኛል።

«ስማ፣ እዚህ ሀገር በሞቴ የሚልህ የለም። ኖ ካልክ ኖ ነው። ሶ፣ ሲሰጡህ ኦኬ በልና ብላ።»

እሺ እለዋለሁ። ሳህኑ ሲመጣ አፌ እንደለመደው «በልቻለሁ» ይላል። ይሉኝታ በረሃብ ሊገድለኝ ነበር።

ለፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ሚስ ሊን በእረፍት ሰዓት አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ። ከፎይል ውስጥ ቀጭን ዘንግ አወጡ። አምስት እንጆሪ ተሰክቶበታል፤ እንጆሪዎቹም መስታወት የለበሱ ይመስላሉ።

«እንካ» አሉኝ።

«አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ።»

«እንካ።»

«እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ።»

ዘንጉን እጄ ላይ አስጨበጡኝ። «እንካ! አልበላህም። ሁልጊዜ ሳህኑን ስታሳልፍ አያለሁ።»

አሜሪካ ከገባሁ ሦስት ጊዜ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከረሜላ መስሎኝ መምጠጥ ጀመርኩ። ሳቁብኝ። «ንከሰው እንጂ!» ነከስኩት። የስኳሩ ልባስ ቀጭ ብሎ ተሰበረና የእንጆሪው ኮምጠጥ ያለ ውሃ አፌን ሞላው። በሀገራቸው በብርድ ጊዜ መንገድ ላይ እየተዞረ ይሸጣል አሉ። እዚያ የሚሰካው ትንሽ ቀይ ጎምዛዛ ፍሬ ነው፤ ዳላስ ውስጥ ፈልገው ስላጡት በእንጆሪ ይሠሩታል።

«ስኳሩ በደንብ ሳይግል ከተነከረ ጥርስ ላይ ይጣበቃል» አሉኝ። «ያንተ ብየዳም እንደዚያ ነው። ብረቱን ቶሎ ታነሳለህ። ሆድ ባዶ ሲሆን እጅ ይቸኩላል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጋርላንድ ስመጣ መኪና ውስጥ ዳቦ መብላት ጀመርኩ። ብረቱንም የሚበየደው ቦታ በደንብ እስኪግል አቆየው ነበር። ፈተናዬን የመረመሩት እሳቸው ናቸው። አንድም ቀይ ተለጣፊ አልነበረም። ባለቤቴም ከዓመት በኋላ መጣች።

ወሬዬን እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ የሚስ ሊንም ስም ወጣ። እኔ ያኔ የመስመር ኃላፊ ሆኛለሁ። ባለቤቴ ውለታቸውን ስለምታውቅ ለመሰናበቻቸው ድፎ ዳቦ ጋግራ ሰጠችኝ። ቆርሼ በሳህን ይዤላቸው ሄድኩ።

«ይቅመሱ» አልኳቸው።

«አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ።»

ደክሞኝ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሳሰናብት ነው የዋልኩት። «ኦኬ» ብዬ ሳህኑን ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ወሰድኩት።

ዞር ስል ሳህኑን በዓይናቸው ሲከተሉት አየሁ። ከዚያ አቀርቅረው ዕቃቸውን ካርቶን ውስጥ መክተት ቀጠሉ። መመለስ ነበረብኝ። አፈርኩና ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ብየዳ የምትማሩ፣ ብረቱን ቶሎ አታንሱ። «በልቻለሁ» ያላችሁን ሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ ጠይቁት። እኔ አንዴ ብቻ ነው የጠየቅኳቸው።