አቀበቱን አትችለውም

የስፖርት አስተማሪ ነኝ። አሰላ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሳስሮጥ ኖሬያለሁ፤ ገሚሱ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሸሸኛል። እንዲህ ያለ ሰው የገዛ እህቱን ከቤት በር እስከ አጥር በር ለማስኬድ ሦስት ቀን ይፈጅበታል ብሎ ማን ይገምታል? እታለም አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ሆና የተመለሰች ሰሞን ግን የገጠመኝ ይኸው ነው።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጣ ትሸጣለች። ውፍረቷ እየጨመረ ሄዶ ተራ ወንበር ሲሰበርባት፣ በያጅ ዘንድ ሄጄ የብረት ወንበር አሠራሁላት። በያጁ ልኩን ስነግረው «ለስንት ሰው ነው?» አለኝ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ኦፕራሲዮኑን የሆነችው ለቁንጅና አይደለም። ስኳርም ደም ግፊትም ነበረባት፤ እውነቱን ለመናገር ግን በእነሱም አይደለም። ለእናታችን ብላ ነው። እናታችን የምትኖረው ከጢቾ ወጣ ብሎ፣ መኪና ከሚቆምበት ቦታ በእኔ እግር አርባ ደቂቃ በሚያስኬድ አቀበት ላይ ነው። እታለም ያንን አቀበት ከወጣች ስድስት ዓመት አልፏት ነበር። አንዴ በፈረስ ሞከርን፤ ፈረሱስ ችሏት ነበር፤ እሷ ያልቻለችው የመንገደኛውን ሳቅ ነው። ከግማሽ መንገድ ወርዳ ተመለሰች። በቃሬዛ እናውጣሽ ሲሏት ደግሞ «ገና ሳልሞት?» ብላ ተቆጣች። እናቴም ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከደጃፏ ርቃ አታውቅም፤ አንዲት የአክስታችን ልጅ ናት የምትረዳት። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፣ ጆሮዋ ከብዷል፣ ነገር መርሳትም ጀምራለች። ስልክ ስንደውልላት «ማነው? ማነው?» ስትል ሒሳቡ ያልቃል።

ስለዚህ በየወሩ የምሄደው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስገባ ክንዴን በሁለት እጇ ይዛ ትጨምቀዋለች፤ ልጆቿን የምትመረምረው እንዲያ ነው። «ከስተሃል» ትለኛለች፣ ከስቼም ባልከሳም። ቀጥላ «እህትህስ?» ትላለች። የእኔም መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «እሷ ወፍራለች እማዬ፤ አቀበቱን አትችለውም!» ስድስት ዓመት ሙሉ ይችኑ ዓረፍተ ነገር ጆሮዋ ሥር እየጮህኩ ነገርኳት። አንዳንዴ ሲደክመኝ በንዴት ነበር የምለው። እሷ ትበላለች፣ አቀበቱን የምወጣው እኔ ነኝ እል ነበር በሆዴ።

ሐኪሞቹ ከጨጓራዋ አብዛኛውን ቆርጠው አወጡት። ሲሸኙን ያዘዙን ብዙ አልነበረም፤ በማንኪያ ትንሽ ትንሽ ትብላ፣ እየተጎነጨች ትጠጣ፣ ከባድ ነገር አታንሳ፣ ጠዋት ጠዋት ትራመድ፤ እርምጃውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ትጨምር። ለእናታችን ግን ምንም አልነገርናት። ሆዷን ተቀደደች ብለን ለምን እናስደንግጣት? ድንገት ደርሳባት ትደሰት፣ ያልኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ቀን ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መጣሁ፤ እንድትስቅ ብዬ ነበር። ስፌቱን በእጇ ደግፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ያንን ነገር አውልቅልኝ» አለች። «ተማሪህ አይደለሁም።»

አወለቅሁ። እስከ አጥሩ ግማሽ ሄዳ ተመለሰች፤ ተኝታም አለቀሰች። እኔ ደግሞ ማልቀስ ሲበዛ እናደዳለሁ፤ አባብዬ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን አጥሩን ስትነካ «ጎበዝ!» ብዬ የጮህኩት ግን ከልቤ ነበር።

ከዚያ ጠያቂው መጣ። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም፤ ገንፎው፣ ጭኮው፣ ቅቤ የበዛበት ሾርባው። አንዲት የእድር ጓደኛዋ ማንኪያውን ይዛ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ፣ በሞቴ» ስትላት፣ እታለም ይሉኝታ ይዟት ጎረሰች። ወዲያው አስመለሳት። ሴትየዋን በጨዋ ቃል ነው ያስወጣኋት ብል ውሸት ይሆናል።

ወደ መንገድ ስንወጣ መለኪያ አስፈለገን። በሜትር ስነግራት ስለምትሸበር በመብራት ምሰሶ ቆጠርን። ዛሬ ሦስት ምሰሶ፣ በሳምንቱ አምስት። ምሰሶው ጋ ስትደርስ በመዳፏ መታ ታደርገዋለች፣ ቆማ ትተነፍሳለች፣ ትመለሳለች።

እግሯስ እሺ አለ፤ እንቢ ያለን ሰው ነው። እዚህ የወፈረ ሰው «ተመችቶሃል» ይባላል፣ የከሳ ሰው ይታዘንለታል። በየምሰሶው አንድ ሰው ያስቆማታል። «እኔን! እንዲህ ከሳሽ? ምን አገኘሽ?» አንዷ ዝቅ ባለ ድምፅ መድኃኒት ጀምራ እንደሆነ ጠየቀቻት። የሚያውቃት ባለባጃጅ ቆሞ «ይግቡ፣ በነፃ ነው፣ ለእርስዎማ» አላት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እሷ ከዚያው ዞራ ቤቷ ገባች። ሦስት ቀን አልወጣችም።

«ስወፍር ሳቁብኝ፣ ስከሳ ያለቅሱልኛል» አለችኝ። «ዝም ብለው የሚያልፉኝ መቼ ነው?»

መልስ ሲጠፋኝ ክፉ ነገር ይቀናኛል። «ለእማዬ ነው ያልሽው ውሸት ነበር ማለት ነው?» አልኳት። አየችኝ። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አጠለቀች፤ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ራሷ ስታጠልቅ ሳያት ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። አንጀቴን በላችው፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኋትም።

በዚያ መንገድ ያላዘነላት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰባተኛው ምሰሶ አጠገብ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አማርኛቸው ጥቂት ነው። ስትደርስ ሁልጊዜ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው «ጀባዱ! በርቺ!» ይሏታል። ሌላ ነገር አይጠይቋትም። ከዚያ በኋላ እታለም እሳቸው ጋ ለመድረስ ስትል ሰባተኛው ምሰሶ ሳትደርስ ቀርታ አታውቅም ነበር።

ወራት አለፉ። ምሰሶዎቹ ሃያ ሆኑ፣ ከዚያ አርባ፤ ከዚያም መቁጠሩን ተውነውና የትምህርት ቤታችንን የሜዳ ደረጃ መውጣት ጀመርን። የብረት ወንበሩ እሷንም ቦርሳዋንም ጎን ለጎን መያዝ ቻለ። ክረምቱ ሳይገባ አንድ እሁድ ለእናታችን ነጠላ ገዝታ፣ በሚኒባስ ተሳፍረን ጢቾ ወረድን።

የአቀበቱ ሥር ስንደርስ ቀና ብላ አየችው። «እዚህ ምሰሶ የለም» አለች። «በምን ልቁጠር?»

«በእኔ» አልኳት።

ሃያ እርምጃ ያህል ቀድሜ ሄጄ ቆምኩ። ደረሰችብኝ፣ ትከሻዬን በመዳፏ መታ አደረገች፣ ተነፈሰች። እንደገና ቀደምኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲያ ወጣን። መጨረሻ አካባቢ ትከሻዬን ስትመታኝ እንባዬን እንዳታይብኝ ፊቴን ወደ ላይ አዙሬ ነበር የምቆመው። በሃያ ዓመት ውስጥ ዋንጫ የበሉ ልጆች ነበሩኝ፤ የዚያን ቀኑን ያህል በሰው ኮርቼ አላውቅም።

እናቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘናት። እንደ ልማዷ የእኔን ክንድ ጨመቀችና «ከስተሃል» አለች። እታለም ተንበርክካ ጉልበቷን ሳመች፣ ክንዷን ሰጠቻት። እናቴ በሁለት እጇ ያዘችው። ጣቶቿ ዙሪያውን ተገናኙ። አንዴ ለቅቃ እንደገና ያዘችው።

«ይህችስ ማናት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ እማዬ» አለች እታለም ጆሮዋ ሥር። «እኔ ነኝ፣ ልጅሽ።»

እናቴ ፈገግ አለች፤ ለእንግዳ የምትሰጠው ፈገግታ ነበር። «የሰው ልጅም ልጄ ናት፤ ተባረኪ» አለች። «የእኔዋ ግን ወፍራም ናት። አንቺ ያመመሽ ትመስያለሽ።»

«እሷ ናት!» ብዬ ጮህኩ። «ከስታ ነው እማዬ! እሷ ናት!»

«አትጩህብኝ፤ ሰምቻለሁ» አለች ቆጣ ብላ። «እሷማ አቀበቱን አትችለውም። አንተው አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?»

ብዙ ነገር ረስታለች፤ የአባቴን መሞት እንኳን አንዳንዴ ትረሳለች። ያቺን የእኔን ዓረፍተ ነገር ግን አልረሳቻትም። ስለ ኦፕራሲዮኑ፣ ስለ ሐኪሞቹ፣ ስለ ሁሉም ልነግራት አፌን ስከፍት እታለም ጉልበቴን ያዘችኝ። «ተው» አለች። «ሆዷን ቀደዷት ልትላት ነው? ተው።»

እናቴ የእታለምን ክንድ አልለቀቀችም ነበር። ቆዳውን በአውራ ጣቷ እያሸች ቆየችና «ልጄን ታውቂያታለሽ?» አለቻት።

«አውቃታለሁ» አለች እታለም።

«እንግዲያው ስትመለሺ ንገሪልኝ። እናትሽን አያለሁ ብላ አቀበቱን እንዳትሞክረው። ጉልበቷን ትጎዳዋለች። አልተቀየምኳትም በያት።»

«እሺ። እነግራታለሁ።» ነጠላውን ከፌስታሉ አወጣችና ትከሻዋ ላይ አለበሰቻት። «ይህንን እሷ ናት የላከችልሽ» አለቻት። እናቴ ጨርቁን ወደ ፊቷ አስጠግታ አሸተተችው።

ስንመለስ እታለም ከፊት ከፊቴ ወረደች። እኔ ነበርኩ በየመሃሉ የምቆመው። አንድ ቦታ ላይ ደረስኩባትና «እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አልኳት። «ስድስት ዓመት ያልኳትን ነው የመለሰችልኝ።»

«አልዋሸሃትም» አለች። «አልችለውም ነበር።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ፈታችና እንደገና አጥብቃ አሰረችው። ከዚያ ተነሳች።

«በሚመጣው እሁድ እንመለሳለን» አለች።

«ማን ነኝ ብለሽ ትገቢያለሽ?»

«መልእክትሽን አድርሻለሁ እላታለሁ» አለችኝ። «ልጅሽ በጣም ናፍቀሻታል እላታለሁ።»