የጋሼ ካልኩሌተር

የያዙኝ ነገሌ፣ ሱቃችን ውስጥ ነው። የታላቅ ወንድሜ የጋሼ አርባ ገና አልወጣም ነበር። በዚያ ሰሞን መገናኛ ሬዲዮ አለው የተባለ ሁሉ ይጠረጠራል። ፈታሾቹ መደርደሪያውን ሁሉ አገላብጠው ያገኙት የእሱን አሮጌ ካልኩሌተር ብቻ ነው፤ ቁጥሮቹ በቀይ የሚበሩት ዓይነት። ጋሼ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ለማንም ሳይነግር ብዙ ነገር ነካክቶበታል። ከጎኑ ሽቦ አውጥቶ የሬዲዮ ድንጋይ ከተደረደረበት ቱቦ ጋር አገናኝቶታል። ውስጡ ደግሞ ትንሽ ድምፅ ማውጫ በይዶበታል።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የቆዳ መጋዘን ነበር። ቆርቆሮው ሲግል ግድግዳው የፍየል ቆዳ ይሸታል። ጠዋት በሩን የሚከፍተው ዘብ «አካም ቡልቴ፣ ኦቦሌሳ?» ይለኛል፤ እንዴት አደርክ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ መርማሪው ይወስደኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ሒሳብ የሚሠራ ዕቃ ድምፅ ማውጫ ምን ያደርግለታል?»

«አላውቅም ጌታዬ። የሠራው ወንድሜ ነው።»

«የት አለ?»

«ሞቷል።»

«ጥሩ ምስክር መርጠሃል።»

እውነቴን ነበር፤ አላውቅም። መልስ እንዳይኖረኝ ያደረገኝ ጋሼ ራሱ ስለነበር አንዳንዴ በእሱም እናደድ ነበር።

አንድ ቀን ከጦር ካምፑ ሬዲዮ የሚጠግን ወታደር አመጡ። ብሎኖቹን ፈታ፣ ሽቦዎቹን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ዕቃው አይበራም፤ ድንጋዮቹ ሞተዋል።

«ፀሐይ ላይ ቢሰጡ ትንሽ ይነሳሉ» አልኩ።

«ፀሐይ ላይ አውጥተህ ለማን ልትልክበት?» አለ መርማሪው።

ዘቡ ከበሩ ሆኖ «ጌታዬ፣ እኔም የእጅ ባትሪዬን ድንጋይ እንደዚያ ነው የማደርገው። ነገሌ ሁሉ እንደዚያ ነው» አለ።

«አንተንም ልመርምርህ?»

ቢሆንም መስኮቱ ላይ አሰጧቸው። ከሰዓት በኋላ ሲመልሷቸው ቀይ ዜሮ በራ። ወታደሩ አንድ ቁጥርን ሲጫን እንደ ትንኝ የቀጠነ ድምፅ ወጣ። ስምንትን ሲጫን በጣሳ ውስጥ እንደገባ ንብ ወፈረ። «ቁጥሩን የሚሠሩት ብዙ መስመሮች ሲበሩ ይወፍራል» አለ። «ለምን እንደሆነ ግን እንጃ።»

እኔ ግን ገባኝ። ጋሼ ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ይከት ነበር። ሒሳብ ሲሠራ ካልኩሌተሩን ጉንጩ ሥር ያደርጋል። የስኳር ሕመሙ ያደከመው ይመስለኝ ነበር።

«ጌታዬ፣ ወንድሜ ማየት እያቃተው ነበር። ቁጥሩን በጆሮው ነው የሚያነበው።»

መርማሪው ብዕሩን አነሳ። «ስለዚህ በድምፅ ይነበባል።» ጽፎ ወረቀቱንና ብዕሩን ገፋልኝ። ወንድሜ በድምፅ ምልክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሠርቷል ይላል። «ነገ አርባው ነው አይደል? ፈርምና እናትህ ጋ ሂድ።»

እናቴ ብቻዋን እንግዳ ስትቀበል ታየችኝ። ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት።

«ዓይኑ ስለደከመ የሚለውን ይጨምሩበትና እፈርማለሁ።»

«አይጨመርም።»

ብዕሩን ከድኜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ተበታትኖ የቀረውን ካልኩሌተር ሳብ አድርጌ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ብሎኖቹን በጥፍሬ አጠበቅሁ። ማንም አልከለከለኝም። በማግስቱ ዘቡ በሩን ሲከፍት አካም አላለኝም፤ ውኃ አቀበለኝ። አርባው ያለ እኔ ወጣ።

ሲፈቱኝ ለምን እንደታሰርኩም ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። ካልኩሌተሩን መለሱልኝ፤ ድምፅ ማውጫው ተቆርጦ ወጥቷል። አሁንም የሚያናድደኝ እስሩ ብቻ አይደለም። ከጋሼ ጋር አንድ ባንኮኒ ላይ እየዋልኩ፣ ዓይኑ መድከሙን የተረዳሁት መርማሪ ፊት ተቀምጬ ነው።

ብየዳ ተምሬ ሌላ ድምፅ ማውጫ ገጠምኩበት። ጠዋት ድንጋዮቹን ደጃፍ ላይ አሰጣለሁ፤ ይሠራል። የስምንት ድምፅ ግን እንደ ጋሼ ጊዜ አልወፍር አለኝ።