ቀፎ ውስጥ የኖረው የአባቴ ሳንቲም መዘርዘሪያ

ልጅ እያለሁ የቤታችን ምሥጢር የሚኖረው ቀፎ ውስጥ ነበር። አንድ የበቅሎ ነጋዴ በቆሬም በኩል መጥቶ ለእናቴ የሰጣት የነሐስ ዕቃ ነው፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሸንበቆ መሳይ ቧንቧዎች፣ ከሥራቸው ምላስ የሚያካክሉ መጫኛዎች፣ ከጀርባው የቆዳ ቀበቶ። «ባልሽ ኪሮስ ነው የላከው፤ ከኋላ እመጣለሁ ብሏል» አላትና ውሃ ጠጥቶ ሄደ። አባቴ ሥራ ፍለጋ ከሰቆጣ ከወጣ ቆይቶ ነበር፤ የት እንደዋለ የሚያውቅ አልነበረም።

እናቴ የጥይት መያዣ መሰላት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የተገኘበት ቤት መከራው ብዙ ነው። ባዶ ቀፎ ውስጥ ከታ አፉን በእበት መረገችው። ትንሽ ቀዳዳ ቀርታ ኖሮ፣ ክረምቱ ሲያበቃ ንብ ገባበት። «ንብ የገባበት ቤት ሰው አያጣም፤ ይመጣል» አለች እናቴ። ማር በተቆረጠ ቁጥር ዕቃው ከነሰሙ ይወጣል። እኔ ሰሙን ከነሐሱ ላይ እልሳለሁ፤ መጀመሪያ ማሩ፣ ኋላ የነሐሱ ምሬት ይመጣል። እናቴ ዘወር ስትል ደሞ ቀበቶውን እታጠቃለሁ፤ ከማጥበቂያ ቀዳዳዎቹ ከሁሉ ወደ ውስጥ ባለችው ላይ ልክክ ይልልኝ ነበር። «አውልቂ፣ አንቺ ሽፍታ!» ትለኛለች፣ እየሳቀችም እየፈራችም።

ጎረቤት «ኧረ የሰውየውን ተዝካር አውጪ» ሲላት፣ «ከኋላ እመጣለሁ ያለን ሰው በቁሙ አልቀብርም» ትላለች። በር በሩን እያየች አረፈች።

ዓምና የልጄ ልጅ ባሕር ሊሻገር ወጥቶ ድምፁ ጠፋ፤ ስልኩም አይነሳም። ልጄ ስልኳን እንደ ሕፃን ታቅፋ ስትቀመጥ እናቴን በእሷ አየኋት። የአባቴን መጨረሻ ሳላውቅ፣ ተዝካሩን ሳላወጣ ብሞት ማን ያስበዋል? ዕቃው የመጣበት አገር ቢታወቅ አባቴ የዋለበትን አገኝ እንደሁ ብዬ በነጠላዬ ጠቅልዬው ተነሳሁ። እግሬ መቼም መዞር ይወዳል። ኒሯቅ ገበያ አንዱ «የፋኖስ ነው» አለኝ። ሌላው «እማማ፣ ወርቅ ከሆነ እኔን አይርሱኝ» ብሎ ሳቀብኝ። ደክሞኝ፣ ተስፋዬም አልቆ ተመለስኩ።

ሰቆጣ መናኸሪያ፣ ድሮ በትልልቅ ከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ይቆርጡ የነበሩ አያ ሀብቱ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ዕቃውን እጃቸው ሲነካው ፊታቸው በራ።

«እትዬ፣ ይህማ የሳንቲም መዘርዘሪያ ነው! ወገባችን ላይ ታጥቀን፣ ተሳፋሪው ብር ሲሰጠን ይቺን ጫን፣ ሳንቲሙ ዱብ!»

«አባቴ ልኮት የቀረ ነው፤ ከየት አገር ነው?»

«ላዩ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ የፈረንጅ ነው። የሠሪውን አገር ይናገር ይሆናል እንጂ፣ የታጠቀው ሰው የዋለበትን አይናገርም።»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው ሰም ጠግቦ ሳይበሰብስ የኖረውን ቀበቶ አገላበጡት። ያቺን በልጅነቴ የምታጠቅባትን ቀዳዳ በጣታቸው ዳሰሷት።

«ይቺ ከቀበቶው ጋር የመጣች አይደለችም፤ በሚስማር የተበሳች ናት። አባትዎ ቀጭን ሰው ነበሩ?»

«ኧረ የለም! በራችንን በጎኑ ነበር የሚገባው።»

ቀና ብለው አላዩኝም። «እንግዲያው እግዜር ያጥናዎት» አሉኝ።

የልጅ ወገብ እስኪያክል ከስቶ ነበር ለካ። ከኋላ እመጣለሁ ያለው በዚያ ወገቡ ነው። እኔ ደግሞ ያንኑ ታጥቄ ስዘልበት አደግሁ።

ያኔ የሚጠበቀው በር ነበር፤ አሁን ስልክ ነው። ያኔ ዝምታውን ንብ ይሞላው ነበር፤ ዛሬ ቤታችን ጭር ብሏል። ትናንት ለተዝካሩ ጌሾ ስወቅጥ ልጄ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለአያትሽ» አልኳት። «ለአያትሽ ብቻ፣ ልጄ።»

ስልኳን መልሳ ታቀፈች። እኔም መውቀጤን ቀጠልኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ድምፁ እንዳያስደነግጣት።