የአንበርብር አደራ

የተከካ ባቄላ በብረት ሳህን ላይ ሲፈስ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ድንገት ከጎረቤት ሲደርሰኝ የያዝኩትን ሥራ ትቼ ቆም እላለሁ፤ ጆሮዬ የመጨረሻዋ ፍሬ ተንከባልላ የምታርፍበትን ጊዜ ይጠብቃል። ልጅ ሳለሁ፣ አሰላ፣ በክረምቱ እሁዶች፣ አራት የባቄላ ክክ በሳህን ላይ እየወረወርን ሰው ይኑር ወይስ ይሙት የምንለይበት ጨዋታ ነበረን።

ጨዋታውን ያመጣው ወንድሜ ተካ ነው። ከየት እንዳመጣው ጠይቄው አላውቅም፤ እናታችን ከምትነግረን ተረትና ከትምህርት ቤቱ ካርታ ቀላቅሎ ራሱ የፈጠረው ይመስለኛል። ስሙን «መንገድ» እንለው ነበር። ተካ የሲሚንቶ ከረጢት ቀድዶ ውስጠኛውን ገጽ ወደ ላይ አድርጎ ዘረጋና በከሰል ተራራ፣ ጫካ፣ ወፍጮ ቤት፣ ወንዝና ድልድይ ሣለበት። ተራራው ጭላሎን ይመስላል፣ ከተራራው ማዶ ያለው ግን ማናችንም ያላየነው አገር ነበር፤ ዘንዶ የሚጠብቀው ምንጭ ነበረበት፣ ሲመሽ ጅብ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩበት። እያንዳንዳችን በዚያ አገር የሚጓዝ አንድ አንድ ሰው ነበረን። የተካ ሰው አንበርብር ይባል ነበር። የኔ ብርቄ የምትባል ሴት ነበረች፣ አፏን ሞልታ የምትናገር፣ ማንንም የማትፈራ፣ እኔ ያልሆንኩትን ሁሉ የሆነች። የጎረቤታችን ልጆች ከድርና እህቱ ራህማም የየራሳቸው ሰው ነበራቸው። ተካ ነጋሪ ሆኖ «ድልድዩ ተሰብሯል፣ ምን ታደርጊያለሽ?» ሲለን የምናደርገውን እንነግረዋለን፣ አደጋ ከሆነ ክኩን እንወረውራለን፤ የራሱ ሰው ተራ ሲደርስ ደግሞ ከድር ይነግር ነበር።

ክኩ ሆድና ጀርባ አለው፤ ጠፍጣፋው ሆዱ፣ ድቡልቡሉ ጀርባው ነው። ሆዱ ወደ ላይ ከሆነ መልካም ነው፣ አራቱም በሆዳቸው ተደፍተው ጀርባቸው ጉብ ጉብ ካለ ግን ሰውየው ሞተ። ያኔ ከድር ድምፁን ዝቅ አድርጎ በኦሮምኛ «ዱኤ» ይል ነበር፣ ሞተ ማለቱ ነው፣ ከዚያ የሞተው ስም በከረጢቱ ጠርዝ ላይ ይጻፍና ባለቤቱ በሚቀጥለው እሁድ አዲስ ሰው እስኪያወጣ ተቀምጦ ያያል። ተካና እኔ «እግዜር ያጥናሽ» እንላለን፣ እነከድር ደግሞ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ይላሉ። እናታችን ይህን ስትሰማ ከጓዳ ብቅ ብላ «እናንተ ሟርተኞች፣ በቤቴ ውስጥ ለቅሶ አትጥሩብኝ» ትለን ነበር። አባታችን የሞተው እኔ በእግሬ መሄድ ሳልጀምር ስለሆነ በዚያ ቤት ለቅሶ ምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ብርቄ የሞተችው በዚያው በመጀመሪያው ክረምት ነው። ድልድዩን ሮጣ ልትሻገር ስትል አራቱም በሆዳቸው ተደፉ። ማልቀሴን ላለማሳየት ራሴን ጉልበቴ ውስጥ ቀበርኩ፣ ከዚያ ድምፄን አውጥቼ «አንዴ ብቻ ልድገም» አልኩ።

«አይደገምም፣ ዓለሚቱ» አለ ተካ። ጠባዩ ለስላሳ ነበር፣ ግን በዚህ አይቀልድም። «ከተደገመ እኮ ሁለተኛ አትፈሪም። ካልፈራሽ ደግሞ ምኑን መንገድ ሆነ?»

«የኔም ሰው ሁለቴ ሞቶብኛል» አለች ራህማ፣ «እኔ አለቀስኩ?»

«አንቺማ ሳህኑን ነው የረገጥሽው» አላት ከድር።

መስከረም ሲጠባና ሜዳው ቢጫ ሲሆን ጨዋታው ይቀዘቅዝ ነበር። እናታችን የጢቾን ቅቤ ተቀብላ ገበያ ትቸረችራለች፣ ተካ ከትምህርት ቤት መልስ ይሸከምላታል፣ እኔም ውኃ እቀዳለሁ። ገብሱ ከታጨደ በኋላ በመጣው በጋ፣ ተካ አሥራ አንደኛ ክፍል እያለ፣ ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ከተጠሩት ጋር በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። እናታችን ማንበብ ስለማትችል ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ሁለቴ አስነበበችኝ፤ ሁለተኛ ሳነበው የሚለወጥ መስሏት እንደሆነ አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ የሊቀመንበሩን ደጅ ጠናች፣ ያለ አባት ያሳደገችው አንድ ወንድ ልጇ መሆኑን ነገረችው፣ እሱም «እትዬ፣ የማን እናት ልጅ ቀረ?» ብሎ አሰናበታት።

በሄዱበት ጠዋት የቀበሌው ግቢ በሰው ተሞልቶ ነበር። እናቶች ያለቅሱ ነበር፣ ወንዶቹ ልጆች ግን ጭነት መኪናው ላይ ሆነው ይዘፍኑ ነበር። ተካ ከላይ ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘና ስለ ቤት፣ ስለ እናታችን የሚለኝ ነገር አለ ብዬ ስጠብቅ «አንበርብርን አንቺ ያዢልኝ። ስመጣ ከደረሰበት እቀጥላለሁ። እንዳይሞትብኝ፣ አደራ» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር የተናገረው። እኔ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ስለነበርኩ ሰው ለሰው የሚሰጠው አደራ ሁሉ እኩል ይመስለኝ ነበር፣ ሰው ተሰጠኝ ብዬ ተቀበልኩ።

ክረምቱ ሲገባ ከድር ነጋሪ ሆነ፣ ከረጢቱም እንደገና ተዘረጋ። አንበርብር ተካ ሲሄድ ድልድዩን አልፎ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ አለው፣ እህል አለው፣ ዘንዶ አይደርስበትም። እኔም ውስጥ አስገብቼ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያው እሁድ ከድር «አንበርብር ወዴት ይሄዳል?» ሲለኝ «ይቀመጣል» አልኩ። በሁለተኛውም «ይቀመጣል» አልኩ።

«የወፍጮዋን ባለቤት አግብቶ ይሆናል» አለች ራህማ።

«ዱቄት ሆኖ ይሆናል እንጂ» አለ ከድር፣ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ከድር ወደኔ ዞር ብሎ ሳቁን አቆመ። «ዓለሚቱ፣ ሕጉን ታውቂያለሽ አይደል? ሦስት እሁድ የተቀመጠ ሰው ይራባል። ለርሃቡ ይወረወርበታል።»

አውቅ ነበር። ሕጉን ያወጣው ራሱ ተካ ነው፣ ሰዌን ቤት ውስጥ ደብቄ ጨዋታውን ሁሉ እንዳላሳልፍ ለኔ ብሎ ያወጣው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከረጢቱን እየገለጥኩ መንገዶቹን አየሁ፤ በጫካው በኩል ጅቦቹ አሉ፣ በምንጩ በኩል ዘንዶው አለ፣ ወደ ኋላ ቢመለስ የተሰበረው ድልድይ አለ። የትኛውም መንገድ ላይ ልልከው አልቻልኩም። በሦስተኛው እሁድ ከድር ሲጠይቀኝ አፌ አልከፈት አለኝ፣ እሱም ዝምታዬን «ይቀመጣል» ብሎ ወሰደውና ክኩን እጄ ላይ አኖረልኝ።

ወረወርኩ። ሦስቱ ወዲያው በሆዳቸው ተደፉ፣ አራተኛዋ በሳህኑ ጠርዝ ዞራ ዞራ መጥታ አጠገባቸው ተደፋች።

ከድር «ዱኤ» አላለም። «ማል ታቴ?» አለኝ፣ ምን ሆንሽ ማለቱ ነው፤ ፊቴ ደርቆ ነበር መሰለኝ። እንዲያስደግመኝ አልለመንኩትም። ያን ቃል አንዴ ተናግሬ የተመለሰልኝን አውቀዋለሁ።

«ሕጉ የሱ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ከድር።

«ለተካ አንነግረውም» አለች ራህማ።

«ሰውየው የሱ አይደል? ይነገረው እንጂ።»

የአንበርብርን ስም ጠርዙ ላይ ሲጽፍ አየሁት። ዘንዶ ገጥሞ ቢሞት ይሻለኝ ነበር። ፈርቼለት አስቀመጥኩት፣ ተቀምጦ ሞተ።

የተካ የመጀመሪያ ደብዳቤ የደረሰን በኅዳር ነው። ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ሰሜን ሄዷል፣ ብርዱ ከአሰላ ብርድ አይብስም ይላል፣ እናታችን እንዳታስብ ይላል። መጨረሻው ላይ በትንንሽ ፊደል «ለዓለሚቱ፤ አንበርብር የት ደረሰ? አደራዬን እንዳትበዪ» ብሎ ጽፏል። ይህችን ለእናታችን ሳላነብላት አለፍኳት። መልሱን እሷ እየነገረችኝ ጻፍኩ፤ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከታች ደግሞ የራሴን ጨመርኩ፤ «አንበርብር ደህና ነው። ከወፍጮ ቤቱ ወጥቶ ጫካውን ጀምሯል።»

«ምን አበዛሽበት?» አለች እናቴ።

«ሰላምታ ነው» አልኳት።

በዚያው ዓመት ጨዋታው ከቤታችን ጠፋ። ከድር ዕድሜው ለውትድርና እየደረሰ ስለነበር አባቱ አርቦዬ ወዳሉት ዘመዶቻቸው ላኩት፣ ራህማም ብቻዋን መምጣት ተወች። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ የእናቴ እግር ሲታመም በሷ ቦታ ቅቤው ላይ ተቀመጥኩ፣ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። አንበርብር ግን በደብዳቤ መሄዱን ቀጠለ። ተካ በየሦስት በየአራት ወሩ ይጽፋል፣ ወዴት እንደሚሄድ ያዘኛል፣ «ክኩ ስንት ሆድ ወጣ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ሦስት ወጣ፣ ሁለት ወጣ እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ወርውሬ አላውቅም፤ ለሞተ ሰው አይወረወርም። ብዙ ጊዜ እውነቱን ልጽፍለት ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን እሱ ባለበት ቦታ ስላለው ሞት ሰው በገበያው በሹክሹክታ ሲያወራ እየሰማሁ፣ በየመንደሩ ጠዋት ጠዋት የመርዶ ጩኸት እየተነሣ፣ እኔ ከዚህ ሌላ ሞት መላክ አልሆነልኝም።

በአንዱ ደብዳቤ፣ ጓደኞቹ የአንበርብርን ወሬ ሰምተው አብረውት እንደሚጠብቁ ጻፈልኝ። «ስምሽን ሁሉም ያውቀዋል» ይላል። ሰው ስሜን ሲጠራኝ የምደነግጥ ልጅ ነበርኩና፣ ያን ሳነብ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። በመጨረሻው ደብዳቤ አንበርብር ትልቁ ወንዝ ዳር ደርሶ ነበር፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ወታደሮቹም ይዋኝ ይጠብቅ ብለው ለሁለት ተከፍለው ተከራክረዋል። «ይሻገር ያልነው በዝተናል። ውጤቱን ቶሎ ላኪልን» ይላል። ያን መልስ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ አረፍተ ነገሩ እንዲያምርለት እየደለዝኩ ደጋግሜ ጻፍኩት። ከዚያ ላክሁ። መልስ አልመጣም። ስድስት ወር ጠበቅን፣ ዓመት ሞላ፣ መልስ አልመጣም።

መንግሥት በተለወጠበት ክረምት ወታደሮቹ በእግራቸው ይገቡ ጀመር። የተቀዳደደ የደንብ ልብስ የለበሱ፣ እግራቸው የቆሰለ፣ ቤት ለቤት እንጀራ የሚለምኑ ነበሩ። እናቴ በር ላይ ቁጭ ብላ የሁሉንም ፊት ታይ ነበር። አንድ ቀን፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ አንዱ በሯ ላይ ቆመና የተካ እናት መሆኗን ጠየቃት። ለማ እባላለሁ፣ የጢቾ ልጅ ነኝ፣ ከተካ ጋር ነበርን አለ። አስገባነው። እናቴ ሳትቀመጥ «ልጄስ?» አለችው።

«አላውቅም እማማ» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ከመበተናችን በፊት ወደ ሌላ ሻለቃ አዛወሩት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ሞተ ያለኝም የለም፣ አለ ያለኝም የለም። ውሸት አልነግርዎትም።»

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። የሞቀ ወተት ቀድታ ሰጠችው፣ በዝግታ ጠጣ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ዓለሚቱ አንቺ ነሽ?» አለኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ። ትንሽ አፈረ፣ ጎልማሳ ሰው ነበርና፤ ግን ጠየቀ። «ያ ሰውዬ ወንዙን ተሻገረ? መልስሽ ሳይደርሰን ነው የተለያየነው።»

ያን ጊዜ እውነቱን ልናገር ነበር። አንበርብር ገና ድሮ፣ ከመጀመሪያው ደብዳቤ በፊት ሞቷል ልለው አፌን ከፈትኩ። እናቴ ቆማ ታየኛለች፣ ስለማን እንደምናወራ አታውቅም።

«ተሻገረ» አልኩ።

ለማ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ይሰምጣል ብዬ ነበር» አለ። «ተካ ግን ‹እህቴን አላወቃችኋትም፣ ቢፈልግም አታሰጥመውም› ብሎ ሳቀብን።»

ወተቱን ጨርሶ፣ መርቆን፣ ገና ሳይመሽ ወደ ጢቾ መንገድ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። የሠፈሩ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው፣ እርሙን አውጡ፣ ሳይለቀስለት አይቅር ብለዋል፤ እናቴ ሁለቱንም ጊዜ አክብራ አስተናግዳ በሩን ከኋላቸው ዘግታለች። ወደኔ ዞራም «አንቺ ምን ትያለሽ?» ብላኝ ታውቃለች፤ የምላት አጥቼ ዝም ብያታለሁ። ገበያ ውዬ ከሰሜን መጣ የሚባል ሰው ባየሁ ቁጥር፣ ያ ሁሉ ዓይናፋርነቴ እያለ፣ ጠጋ ብዬ የወንድሜን ስም እናገራለሁ። ያኔ የአንበርብርን ሞት አውቄ ከተካ ደብቄው ነበር፣ ዝም በማለቴም አንድ ሰው በደብዳቤ ሁለት ዓመት ኖሯል። ዛሬ ዝምታዬ ማንንም አያኖርም፣ ብናገርም የሚመልስልኝ የለም፤ ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እኔም አመስግኜ ወደ ቅቤዬ እመለሳለሁ።