ሐጁ ከመጽሔቱ የፈለጉት

ትናንት ባለቤቴ ከመኪናው የፈታውን ብረት ጠረጴዛዬ ላይ ካለ ጋዜጣ ላይ አስቀምጦት ወጣ። ወረቀቱ ናፍጣውን ቀስ እያለ ጠጣው። ላነሳው ጎንበስ ስል ሽታው መታኝና ቆሜ ቀረሁ። ናፍጣና የሕትመት ቀለም አንድ ላይ ሲሸቱኝ፣ ጎንደር ቤቴ ውስጥ ሆኜም ቢሆን፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነኝ።

የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ በመተማ በኩል ገላባት ተሻግሬ ገዳሪፍ አክስቴ ዘንድ ገባሁ። ሥራዬ ሻይ ማፍላት ነበር፤ እዚያ «ሲት ሻይ» ይሉናል። ከሰሌን የተሠራች ዳስ ጥዬ የተቀመጥኩት ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ነው። የጋራዡ መካኒክ የአገሬ ሰው ነበር፤ በልጅነቱ ተሻግሮ እዚያው ያደገ፣ ሲናደድ በዐረብኛ፣ ሲያዝን በአማርኛ የሚናገር። አያ እለው ነበር።

ከዛፉ ማዶ አንዲት አሮጌ የእንግሊዝ ሎሪ ትቆማለች። አካሏ እንጨት፣ ጎኗ ቀይና ሰማያዊ አበባ የተቀባ። ባለቤቷ ሐጅ የምንላቸው ሽማግሌ ሹፌር ናቸው። ከጎንደርና ከአርማጭሆ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጣውን ሠራተኛ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደ ሀዋታ እርሻዎች ሲያመላልሱ አማርኛውን ለምደውታል። በዚያ ክረምት ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ ሎሪ አያስኬድም ነበርና ቀኑን ሙሉ እኔ ዘንድ ይውላሉ።

መጽሔቱን የሰጠን በአሮጌ መኪና አገር የሚያቋርጥ አንድ ፈረንጅ ነው። መኪናው ተበላሽታበት አያ ሠራለት፤ ሲሰናበት መጽሔቱን አስታቅፎት፣ የስልክ ቁጥሩን ለእኔ ጽፎልኝ ሄደ። ከዳር እስከ ዳር ስለ አሮጌ መኪና ብቻ ነው።

አያ ገጹን እያገላበጠ ተገረመ። «ስለ አዲስ መኪና ቢጻፍ እሺ። አሮጌውን ማን ገዝቶ ያነበዋል? አንቺ ልጅ፣ እስኪ ምን እንደሚል ንገሪን።»

እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት ነው፤ ግን ከሁለቱም እሻል ነበር። እንዲህ ሆኖ በየከሰዓቱ አንባቢ ሆንኩ። ዝናቡ ሰሌኑን ሲደበድብ፣ ሻዩ ላይ የምጨምረው የናዕና ቅጠል ሽታ ከእርጥቡ አፈር ጋር ሲቀላቀል፣ እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይከራከራሉ።

አያ ፎቶዎቹ አይጥሙትም። «ተሠርታ ካለቀች በኋላ ማሳየት ምን ይጠቅመኛል? ሲፈታ ያሳዩኝ። ደግሞ ያበላሹትን ለምን አይጽፉም? ሰው ሳያበላሽ ተምሮ ያውቃል?»

ሐጁ የሚፈልጉት ሌላ ነበር። ስለ እያንዳንዷ መኪና «ማን ነበር የሚነዳት? ምን ጭና ነበር?» ይሉኛል። የሹፌር ስም የለም ስላቸው ይከፋቸዋል። «ታዲያ ብቻዋን ነው የሄደችው?»

አንድ ቀን አያ ዕቃ ሊገዛ ሱቅ ሄዶ ሁለታችን ቀረን። ሐጁ መጽሔቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ገጹ የልብስ ማስታወቂያ ነበር፤ አንድ ትልቅ ቡናማ ኮት።

«ማሻአላህ» አሉ። «እንዴት ያለች ሎሪ ናት!»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ፊታቸውን ሳየው ግን ቀልድ የለበትም። የሻይ ብርጭቆ ስሰጣቸው እጃቸው ቀድሞ አየሩን የሚዳብሰው፣ የመኪኖቹን ቀለም ሁልጊዜ እኔን የሚጠይቁኝ፣ ሁሉም በአንዴ ገባኝ።

«ምነው ዝም አልሽ፣ ያ ቢቲ?» ልጄ ማለታቸው ነው።

«ሐጅ፣ ይሄ ኮት ነው።»

መጽሔቱን ቀስ ብለው ዘጉት።

«ለኡስታው አትንገሪ» አሉኝ። መካኒኩን ኡስታ ነበር የሚሉት። «ጥላ ጥላ ይታየኛል። ዝናቡ ሲያቆም ሀዋታ እሄዳለሁ። መንገዱን እጄ ያውቀዋል።»

እሺ አልኳቸው። ለምን እሺ እንዳልኩ አሁንም ራሴን እጠይቃለሁ። ምናልባት ድምፃቸው ነው፤ እንደዚያ ሲለማመጡ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ምስጢራቸውን ሁለት ሳምንት ያዝኩት። ዝናቡ ቆሞ ጭቃው በደረቀ ጧት ሠራተኞች ጓዛቸውን ተሸክመው ዳሴ ሥር ሞሉ። ለአጫጆቹ ምግብ ልታበስል የመጣች የእኔው እኩያ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ እየቋጠረች «ከፍታ እፈራለሁ፤ ከጆንያው ላይ ነው የምንቀመጥ?» አለችኝ። «ሹፌሩ ረጋ ያሉ ናቸው አሉ። እውነት ነው?»

ማንቆርቆሪያዬን ጥዬ ጋራዡ ውስጥ ገባሁና ለአያ ነገርኩት።

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አምና የዳቦ ቤቱን ግንብ ሲገጩ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባ ብለውኝ ነበር» አለ። ከዚያ ወጥቶ የሎሪዋን ሞተር ከፈተ፤ አንዲት ትንሽ ብረት ፈታና ኪሱ ከተታት።

ለሐጁ አንድ ዕቃ ተበላሽቷል፣ ከካርቱም መምጣት አለበት አላቸው። ሠራተኞቹ በሌላ መኪና ሄዱ። ሐጁ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዙረው የሞተሯን ድምፅ አዳመጡና ወረዱ። በየቀኑ መጥተው ከሎሪዋ ጎማ አጠገብ ይቀመጣሉ። እኔ ደግሞ ዓይናቸውን፣ የማያየውን ዓይናቸውን፣ እሸሻለሁ።

ሳምንት ያህል እንደዚያ ከቆየን በኋላ ነው በመጽሔቱ ማለቂያ ላይ ያለውን ቅጽ ያገኘሁት። አዘጋጆቹ አንባቢያቸው ምን እንደሚፈልግ ይጠይቃሉ። ለሁለቱም ጮክ ብዬ አነበብኩት።

አያ ሞተር ሲፈታ የሚያሳይ ሥዕል ከየዕቃው ልክ ጋር ይውጣ አለ። ጻፍኩ። ሐጁም መልሳቸው ዝግጁ ነበር። «ከመኪናዋ ጋር ሹፌሩን አሳዩን በያቸው። ስሙን፣ የት እንደወሰዳት፣ ማንን እንዳሳፈረ።» እሱንም ጻፍኩ። ቀጥሎ የመጣውን ጥያቄ አስቀድሜ ባየው ኖሮ እዘለው ነበር፤ አፌ ግን ቀደመኝ።

«አሮጌ መኪናዎን በሳምንት ስንት ቀን ይነዳሉ?»

አያ ከንፈሩን ነከሰ። ሐጁ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ።

«ከእንግዲህ አልነዳትም፣ ብለሽ ጻፊ።»

ቃል በቃል ጻፍኩት።

«ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ፣ ሐጅ።»

ወደ አያ ዞሩ። «ያ ኡስታ፣ ኪስህ ያለውን መልስላት። የታመመ ሞተርና ዕቃ የተሰረቀበት ሞተር ድምፁ አንድ ነው እንዴ?»

አያ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊይዝ ሲል ከለከሉት። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው መዳፉ ላይ አደረጉለት። እኔን ግን ያኔ አልተናገሩኝም። ማታ ዕቃዬን ስሰበስብ ነው ጠጋ ብለው «ደግ አደረግሽ» ያሉኝ። እንባዬን አላዩትም። ብቻ የሰሙት ይመስለኛል።

ቅጹን በስልኬ አንስቼ ለፈረንጁ ላክሁለት፤ እሱም ለአዘጋጆቹ አደረሰው። ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ። የሹፌሩን ፎቶ ከነሎሪዋ እንድንልክ ይፈልጋሉ።

ሐጁ በማግስቱ ነጭ ጀላቢያ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተስተካክለው መጡ። አያ ሎሪዋን አጥቦ ሞተሯን አስነሣ። ከመሪው አጠገብ አቆምናቸው። ስልኬን ስደግን ግን ፊታቸው ወደ ሞተሩ ዞሮ ነበር፤ ጆሯቸው ወደሚወዱት ድምፅ ወስዷቸው።

ፎቶው ታትሞ እንደሆነ አላወቅሁም። የሱዳን ጦርነት መጣ፤ ሕዝብ ወደየአቅጣጫው ተበተነ። እኔ በገላባት ስመለስ በግርግሩ ስልኬ ከእጄ ወጣ፣ ከነፎቶው። አያ ሾዋክ የሚባል ከተማ አካባቢ ታየ የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ። የሐጁን ወሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ያቺ ጧት ግን አለችኝ። «ሐጅ፣ ወደ እኔ ይዩ» አልኳቸው።

«ወዴት ነሽ፣ ያ ቢቲ?»

«እዚህ ነኝ።»

ፊታቸው ቀስ ብሎ ከሞተሩ ተላቀቀና ድምፄን ተከትሎ ዞረ። ሲያገኘኝ ፈገግ አሉ።